ከብረት ክንድ የተማረ እጅ

ደብዳቤው

እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? ዓምድዎን ሁልጊዜ ጮክ ብዬ ለእናቴ አነብላታለሁ፤ ይህን ደብዳቤ ግን አላነበብኩላትም።

21 ዓመቴ ነው። የምኖረው ደሴ፣ ሙጋድ አካባቢ ነው፤ አካውንቲንግ እማራለሁ። 11 ዓመት ሲሆነኝ ታላቅ ወንድሜ ፊልም ቤት ሄዶ በፍላሽ አስጭኖ «ፉልሜታል አልኬሚስት» የሚባል የጃፓን አኒሜ፣ ማለትም የካርቱን ፊልም፣ አመጣልኝ። ማታ ማታ አብረን እያየን ጨረስነው። ከዚያ ማንጋውን፣ ማለትም አኒሜው የተሠራበትን የሥዕል መጽሐፍ፣ በስልኩ ላይ ፈልጎ አገኘልኝ። እንግሊዝኛ የተማርኩት በእሱ ነው ብል አላጋነንኩም። መሳል የጀመርኩትም በእሱ ነው። የባለታሪኩን የኤድዋርድን የብረት ክንድ ስንት ጊዜ እንደሳልኩት አላህ ነው የሚያውቀው። ወንድሜ በኋላ ሳዑዲ ሄደ። በ2014 በጦርነቱ ከቤት ስንወጣ እማዬ ልብስ ስትሸክፍ እኔ ደብተሮቼን ነበር ያነሣሁት።

አሁን የራሴን ታሪክ እየሳልኩ ነው። በረዶ በሚጥልበት ከተማ የሚኖር ኤሪክ የሚባል ልጅ የጠፋች እናቱን ይፈልጋል። ባለፈው ዓመት ግቢያችን ውስጥ በተዘጋጀ ዐውደ ርዕይ ላይ ሁለት ገጽ አቀረብኩ። አንዱ ዳኛ ቆም ብሎ አየና «እጅሽ ጥሩ ነው፤ ግን ይሄ የጃፓን ግልባጭ ነው። ያንቺ የሆነው የቱ ነው?» አለኝ። ሰው ፊት ነው ያለኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ እርሳስ ባነሣሁ ቁጥር ድምፁ ይመጣብኛል። ማንጋውን ከውስጤ ባወጣው ምን እንደሚተርፈኝ አላውቅም። የሚያስቀኝ ነገር፣ ጓደኛ የምመርጥበት መንገድ፣ ሲከፋኝ የምጽናናበት፣ ሁሉም ከእሱ የመጣ ይመስለኛል። እማዬ ደግሞ «ይሄን አክለሽ ካርቱን? ወንድምሽ ለዚህ ነው ብር የሚልከው?» ትለኛለች።

ሌባ ነኝ ወይ? ልተወው? የራሴ የምለውስ ነገር አለኝ? አራት ገጽ ፎቶ አንሥቼ አያይዣለሁ።

ግራ የገባኝ፣ ከሙጋድ

ማስታወሻ፦ ገጾቹን ቴሌግራም ላይ ብለቃቸው በሕግ ያስጠይቀኛል?

መልሱ

እህቴ፣ አብሽሪ፤ ሌባ አይደለሽም። ከዚህ የምጀምረው ሌላውን ሁሉ በረጋ ልብ እንድታነቢው ብዬ ነው።

የላክሻቸውን ገጾች ደጋግሜ አየኋቸው። ሦስቱ የኤሪክ ናቸው፤ ወደ እነሱ እመጣለሁ። አራተኛው ላይ ግን፣ ከታች በስተግራ ጥግ፣ ታሪኩ ከሚሳልባቸው ሣጥኖች ውጭ አንድ ትንሽ ሥዕል አለ። እንዲታይ ብለሽ የሳልሽው አይመስለኝም፤ ጠርዙ በፎቶው ተቆርጧል። ሥሩ «እማዬ» ይላል። ፊት የለውም፤ እጅ ብቻ ነው፤ ሰፌድ ላይ ምስር ይለቅማል። አውራ ጣትና ጠቋሚ ጣት አንዲት ጠጠር ቆንጥጠዋል። ትንሿ ጣት ሥራ ስለሌላት ወደ ላይ ተነሥታለች። የመሐል ጣቱ አንጓ ትንሽ አበጥ ብሏል። ቀለበቱ ጣቱ ቀጭን በነበረበት ዘመን የገባ እንደሆነ ግራና ቀኝ ከተነሣው ሥጋ ያስታውቃል። እናትሽን አላውቃቸውም፤ ይህን እጅ ግን መንገድ ላይ ባገኘው እለየዋለሁ።

ይህን መሳል ከየት ተማርሽው? እኔ እንደሚመስለኝ ከኤድዋርድ ክንድ ነው።

ታሪኩን ለማያውቁ አንባቢዎች ባጭሩ ላስረዳ። ኤድዋርድና አልፎንስ ኤልሪክ የሚባሉ ሁለት ወንድማማቾች የሞተች እናታቸውን በአልኬሚ፣ ማለትም አንዱን ነገር ወደ ሌላ በሚለውጥ ጥበብ፣ ሊያስነሡ ይሞክራሉ። አልሆነላቸውም። ታላቁ ኤድዋርድ ግራ እግሩን ያጣል፤ ታናሹ አልፎንስ መላ አካሉን። የታናሹን ነፍስ አንድ ባዶ የብረት ጥሩር ውስጥ ለማሰር ሲል ኤድዋርድ ቀኝ ክንዱን ጨምሮ ይከፍላል። ከዚያ የብረት ክንድና የብረት እግር ተገጥሞለት፣ ሁለቱ ያጡትን ለማስመለስ አገር ላገር ይንከራተታሉ።

ያ የብረት ክንድ በማንጋው ውስጥ አንጓ በአንጓ፣ ብሎን በብሎን ነው የሚሳለው። ሥጋ መገጣጠሚያውን ይሸፍናል፤ ብረት አይሸፍንም። ጣት የት ላይ እንደሚታጠፍ፣ አንጓው ከየት እንደሚነሣ፣ አውራ ጣት ከሌሎቹ ተለይቶ በየት በኩል እንደሚዞር፣ ብረቱን የሚገለብጥ ልጅ ሳይታወቀው ይማረዋል። አንቺ ከ11 ዓመትሽ ጀምሮ አጥንት ስታጠኚ ነበር። አንድ ቀን ከደብተርሽ ቀና ስትዪ እናትሽ ምስር ይለቅማሉ፤ እጅሽም እንዴት እንደሚሳል ያውቀው ነበር።

ስለዚህ «ማንጋውን ባወጣው ምን ይተርፈኛል?» ላልሽው፣ ብታወጪው የእናትሽም እጅ አብሮ ይወጣል። እስከዚህ የእነሱ፣ ከዚህ ወዲያ የኔ ብለሽ ወሰን ልታበጂ ብትነሺ ድንጋዩን የምትተክይበት ቦታ አታገኚም።

ዳኛው የጠየቀሽ ጥያቄ በራሱ ክፉ አልነበረም። ሰው ፊት መጠየቁ ነው ክፉው። ጀማሪን እንዲህ ያለ ነገር የሚጠይቅ ሰው ነጠል ያደርገዋል፣ ቁጭ ይላል፣ ደብተሩን ከዳር እስከ ዳር ያገላብጣል። እሱ ያየው ሁለት ገጽ ነው፤ ከኅዳግ ላይ ያለውን እጅ አላየም። የተናገረውን እንደ ፍርድ ይዘሽ ዓመት ሙሉ መክረምሽ ያሳዝነኛል።

ስለ ደራሲዋ የማውቀውን ልንገርሽ። አብዛኛውን ከእኔ በላይ ታውቂው ይሆናል፤ ከጥያቄሽ ጋር አያይዘሽ አይተሽው እንደሆነ ግን እንጃ። ሂሮሙ አራካዋ እ.ኤ.አ. በ1973 በሰሜናዊቷ የጃፓን ደሴት በሆካይዶ፣ ቶካቺ በሚባል አካባቢ ተወለደች። ቤተሰቧ የወተት ላም አርቢ ነው። ሁለተኛ ደረጃ ከጨረሰች በኋላ ሰባት ዓመት እዚያው በቤተሰቧ እርሻ ሠርታለች። በወር አንድ ጊዜ የዘይት ቀለም ሥዕል ትማር ነበር፤ ከጓደኞቿ ጋርም አድናቂዎች በራሳቸው አቅም እያዘጋጁ የሚያሰራጩትን ዓይነት ማንጋ ትሠራ ነበር። ቶኪዮ የገባችው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ መጀመሪያ ሥራዋ የሌላ ማንጋ ሠዓሊ ረዳትነት ነበር። «ፉልሜታል አልኬሚስት» በወርኃዊ መጽሔት መውጣት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2001 ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2010 ሲያልቅ 27 ቅጽ ሞልቶ ነበር። ራሷን ስትስል እስከ ዛሬ መነጽር ያደረገች ላም ናት።

እንግዲህ ይህች የላም አርቢ ልጅ የሳለችው ዓለም የማን ነው? ኤድዋርድ፣ አልፎንስ፣ ዊንሪ የጃፓን ስም አይደሉም። ባቡሩ፣ የወታደሩ ልብስ፣ የድንጋዩ ቤት የኢንዱስትሪ አብዮት ዘመን አውሮፓን ነው የሚመስለው። አልኬሚውም በዓረቡና በአውሮፓው ዓለም ብዙ የተጻፈበት የጥንት ጥበብ ነው። ከቀደሟት ማንጋ ሠዓሊዎች ከነሩሚኮ ታካሃሺ ተምራለች፤ ከአሜሪካዊው የኮሚክ ሠዓሊ ከማይክ ሚኞላም ተምራለች። ያ ዳኛ አራካዋን በጀማሪነቷ ቢያገኛት ኖሮ «የሆካይዶ የሆነው የቱ ነው?» ይላት ነበር።

አለ፤ ግን በልብሱ አይታወቅም። ልጆቹ የሚመሩበት ሕግ «እኩል ልውውጥ» ነው፦ አንድ ነገር ለማግኘት እኩል ዋጋ ያለው ነገር መክፈል። አራካዋ ይህን ሐሳብ ያገኘችው ከወላጆቿ ነው፤ ለሚበሉት እንጀራ እርሻው ላይ እንዴት ይለፉ እንደነበር እያየች ነው ያደገችው። ያ ሐሳብ ከሆካይዶ በረት ወጥቶ፣ የአውሮፓ ካባ ደርቦ፣ በፍላሽ ተጭኖ ደሴ አንቺ ቤት ገባ። አንቺም ገና በ11 ዓመትሽ ትርጉሙ ገባሽ፤ ምክንያቱም የድካምን ዋጋ በቤትሽ ታውቂው ነበር። እርሻውን ራሱን፣ ከነላሙና ከነተማሪው በገሃድ የሳለችው ኋላ ነው፤ «ሲልቨር ስፑን» የተባለው የግብርና ትምህርት ቤት ታሪኳ መውጣት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው።

የኛንም ቤት እንይ። የቤተ ክርስቲያን ሥዕል የሚማር ልጅ መምህሩ ሥር ሆኖ የቀደመውን እየገለበጠ ነው እጁን የሚያፍታታው። የንግሥት ማክዳና የሰሎሞን ታሪክ ብዙ ጊዜ በ44 ሣጥን ተከፋፍሎ ጨርቅ ላይ ተስሎ አይተሽ ይሆናል፤ ሣጥን በሣጥን ታሪክ መንገር ለዓይናችን እንግዳ አይደለም።

ከሁሉ በላይ ግን የወሎን ዑለማዎች አስቢ። መንዙማቸውን በአማርኛ ገጥመው በዓረብኛ ፊደል ጻፉት፤ ዐጀም የምንለው ነው። ፊደሉ ከባሕር ማዶ የመጣ ነው። ለአማርኛ ድምፆች ሁሉ አይበቃም ነበርና ነጥብ እየጨመሩ ለራሳቸው እንዲመች አድርገው አበጁት። በዚያ በተበጀ ፊደል የተጻፈው ግጥም ዛሬ በድቤና በጭብጨባ ሲዜም የሚሰማ ሰው ወሎን ያስባል። ስለ ፊደሉ «የማን ነው?» ብሎ የሚከራከር አላጋጠመኝም። አንቺ የምትኖሪው እንዲህ ያለ ሥራ በተሠራበት አገር ነው፤ ከውጭ በመጣ መሣሪያ የራስን ነገር መናገር ለደሴ ልጅ ነውር ሊሆን አይችልም።

ስለ ማንነትሽ የጻፍሽውን ሳነብ አንድ ነገር ራሴን ጠየቅሁ። በዚያን ጊዜ የሰፈርሽ ልጅ ሁሉ አንድ ነገር ያይ ነበር። አንዱ ናሩቶን፣ አንዱ ድራጎን ቦልን፤ አንዳንዱ ዲሽ ያለበት ቤት ተሰብስቦ ስፔስቱን የሚባለውን የካርቱን ጣቢያ በዓረብኛ። አብዛኛው አይቶት፣ ወዶት፣ ትቶት አድጓል። አንቺ ለምን እዚህኛው ላይ ቀረሽ? መልሱ ደብዳቤሽ ውስጥ ያለ ይመስለኛል፤ ወንድምሽ ነው። ስለ ሁለት ወንድማማቾች የሚናገር ታሪክ ከወንድምሽ ጎን ተቀምጠሽ አየሽ። ታላቁ ለታናሹ ሲል የማይከፍለው የለም። ከዚያ ያንቺም ታላቅ ለቤቱ ሲል ባሕር ተሻገረ። ማንጋው አብሮሽ የቆየው እሱ ከሄደ በኋላ ስለ እሱ የምታስቢበት ቦታ ስለሆነልሽ ነው። እንዲህ ያለ ነገር በትእዛዝ አይወጣም፤ አውጪውም አልልሽም።

ጓደኛ የምመርጠውም በዚያ ነው ብለሻል። ምን ክፋት አለው? ሰው በልጅነቱ ከሰማው ተረት፣ ከአያቱ ወግ፣ ከመድረሳው ወይም ከቄስ ትምህርት ቤቱ ሰው መለየትን ይማራል። አንቺ ከእነዚያ ጋር አንድ ሌላ ተጨመረልሽ። በክፉ ቀን የማይከዳን፣ ለሠራው ስሕተት ዋጋ የሚከፍልን ሰው መውደድ ከዚያ ታሪክ ተምረሽ ከሆነ፣ እናትሽም ያስተማሩሽ ይህንኑ እንደሚሆን አልጠራጠርም።

አሁን ወደ ኤሪክ። ስለማከብርሽ በግልጽ እናገራለሁ፦ ሦስቱ ገጾች ደካሞች ናቸው። የእጅሽ ጉድለት አይደለም። ኤሪክ ቤቱ ሲገባ ጠረጴዛው ባዶ ነው፣ ግድግዳው ባዶ ነው፣ በመስኮቱ የሚታይ ነገር የለም። ባቡር ጣቢያው ላይ አንድ ተሳፋሪ እንኳ የለም። ያንን ቤት ስለማታውቂው ነው። ምን ምን እንደሚሸት፣ በሩ ሲከፈት የት ላይ እንደሚይዝ፣ ማን ከኋላ እንደሚጣራ አታውቂም። እጁን የሳለችው ልጅ ግን ሰፌዱ ስንት ቦታ እንደተፈታ ሳይቀር ታውቃለች፤ አይቼዋለሁ፣ ስፌቱ የላላበትን ሳትዘዪ ስለሽዋል።

በረዶም አይተሽ አታውቂም ብዬ እገምታለሁ። ጉም ግን ታውቂያለሽ። ክረምት ላይ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ከተማውን ሲውጠው፣ ፒያሳ ላይ የቆመ ሰው ማዶውን ሲያጣው፣ መብራቱን ያበራ ባጃጅ ከነጩ ውስጥ ድንገት ብቅ ሲል አይተሻል። ገጽ ላይ ጉም በረዶ የሚሠራልሽን ሁሉ ይሠራልሻል። ከኋላ ያለውን ይሰርዛል፣ ልጁን ብቻውን ያስቀረዋል፣ ግማሹን ወረቀት ነጭ ይተውልሻል። በዚያ ላይ አንቺ ጉም ውስጥ ሄደሽ ስለምታውቂ ልብስ ላይ እንዴት እንደሚያርፍ፣ ሽፋሽፍት ላይ ምን እንደሚያደርግ ማንንም አትጠይቂም።

ይህን ስል «ባህላችንን ሳዪ» ማለቴ አይደለም። በየገጹ ጀበናና መሶብ ደርድሪ የሚልሽ ሰው ከመጣ አትስሚው፤ ያ ለእንግዳ ማሳያ ነው፣ ታሪክ አይሆንም። ልጁ ኤሪክ ሆኖ መቅረት ይችላል። ከተማውም በምድር ላይ የሌለ ይሁን፤ መብትሽ ነው። ግን እንደ ደሴ ዳገት ይኑረው፤ ሰው ቤቱ እስኪደርስ ትንፋሹ ይጠር። እናቱን ፍለጋ ሲወጣ ደግሞ የሐረጎን ቁልቁለት ስጪው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስትወርጂ አየሩ በየመታጠፊያው እየሞቀ እንደሚሄድ ታውቂያለሽ፤ ተሳፋሪው መጀመሪያ ሻርፑን ይፈታል፣ ቀጥሎ ጃኬቱን ይከፍታል፣ ቦርከና ጋ ሲደርስ እጅጌውን ሰብስቧል። ያንን በአንድ ገጽ፣ ሣጥን በሣጥን፣ ያለ አንድ ቃል ሳዪው። ከብርድ ወደ ሙቀት፣ ከጉም ወደ ፀሐይ የሚወርድ ልጅ። ከዚህ በፊት ማንም እንዲህ ሲስለው አላየሁም፤ አንቺ ብትስዪው ደስታዬ ነው።

ሁለት የእጅ ሥራ ጉዳይ አለ። አንደኛ፣ ገጾችሽ እንደ ጃፓኑ ከቀኝ ወደ ግራ ነው የሚነበቡት፤ ጽሑፍሽ ግን አማርኛ ነው። አንባቢ ንግግሩ በሚጻፍበት አረፋ ውስጥ ወደ ቀኝ ያነብና ወደሚቀጥለው አረፋ ለመሄድ ወደ ግራ ይጎተታል፤ ሁለት ገጽ ሳይሞላ ይደክመዋል። ጃፓኖቹ ከቀኝ የሚጀምሩት ጽሑፋቸው ከላይ ወደ ታች ተጽፎ መስመሩ ከቀኝ ወደ ግራ ስለሚቆጠር ነው፤ ለእነሱ ልክ ነው። አረፋቸውም ቁመቱ የሚረዝመው ለዚሁ ነው። አንቺ ያንን ረጅምና ጠባብ አረፋ እንዳለ ወስደሽ «እንዳላስቸግራችሁ» የሚለውን ቃል ሦስት ቦታ ቆርጠሽ ከተትሽበት። የኛ ቃል ወደ ጎን ነው የሚረዝመው፤ አረፋሽን ወደ ጎን አስፊው፣ ሣጥንሽንም ከግራ ጀምሪ። ይህን ስታስተካክዪ የገጹ ቅርጽ ራሱ እንደሚለወጥ ታያለሽ፤ ሰዎቹ የሚቆሙበት ቦታ፣ የሚተያዩበት አቅጣጫ ሁሉ። ሁለተኛ፣ በር ሲዘጋ፣ ብርጭቆ ሲወድቅ የምትጽፊው ድምፅ ከእንግሊዝኛው ትርጉም የተወሰደ ነው። ዓይንሽን ጨፍነሽ የራስሽን በር ዝጊውና የሰማሽውን ጻፊ።

ስለ መሣሪያ አትጨነቂ። የጃፓኖቹ ብዕርና ቀለም ደሴ አልተገኘም ብለሽ የምታቆሚው ነገር የለም። እጁን የሳልሽው በተራ እስክሪብቶ፣ በባለመስመር ደብተር ላይ ነው። ከቻልሽ ነጭ ወረቀት ግዢ፤ መስመሩ ጥላውን ይረብሽብሻል፤ ያ ይበቃል።

በ2014 ከቤት ስትወጡ ደብተር ማንሣትሽን አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ጽፈሽ አልፈሻል። ስለዚያ ቀን ካሁኑ ሳዪ አልልሽም፤ አትሳዪም አልልም። ኤድዋርድ ቤታቸውን አቃጥለው የወጡበትን ቀን በኪስ ሰዓቱ ክዳን ውስጥ በኩል ፍቆ ጽፎታል፤ ለማንም አያሳይም። እንዲህ ያለ ገጽ ካለሽ ያንቺ ብቻ ሆኖ ይቆይ። የምትስዪበት ጊዜ ሲመጣ ግን የአራካዋን መንገድ ተከተዪ። በማንጋው ውስጥ ላለው ጦርነት ስትዘጋጅ ጦር ሜዳ የነበሩ ሰዎችንና ስደተኞችን አነጋግራለች። አንቺም ጎረቤቶችሽን ጠይቂ፤ መናገር የማይፈልገውን ተዪው፤ የተናገረውንም በስሙ አትሳዪው።

እናትሽን በተመለከተ፣ ሐቁን እንነጋገር። አንድ ልጃቸው ሰው አገር ነው። በጦርነት ለቀውት የወጡትን ቤት ተመልሰው ያቀኑ እናት ናቸው። የሚላከው ብር ምን ያህል ላብ እንዳለበት ከማንም በላይ ያውቃሉ። «ካርቱን» ሲሉ የሚፈሩት ልጄ ጊዜዋን ከንቱ ታስቀረዋለች ብለው ነው፤ ይህን ፍርሃት ተከራክረሽ ልታሸንፊው አትችዪም፣ ባታሸንፊውም ይሻላል። አካውንቲንጉን ጨርሺ። ሠዓሊዋም እርሻ እየሠራች ነው በወር አንድ ቀን የተማረችው። ማንጋ እንጀራ ይሆነኛል ብለሽ ቃል አትግቢላቸው፤ እኔም ላንቺ አልገባልሽም።

ያን እጅ ግን አሳዪያቸው። መጀመሪያ ከኅዳግ አውጥተሽ ሙሉ ገጽ ላይ ሳዪው፤ ሰፌዱን ከነላላው ስፌቱ፣ ምስሩን፣ ተለቅሞ የተጣለውን ጠጠር። ስታሳዪያቸው ስለ ጃፓን፣ ስለ ማንጋ፣ ስለ ዳኛው አንድም አትናገሪ። ዝም ብለሽ ስጫቸው። ምን እንደሚሉ አላውቅም፤ «ቀለበቴን አበላሸሽው» ሊሉሽም ይችላሉ። ቢሆንም እጃቸውን ስንት ዓመት ስታዪው እንደኖርሽ ያኔ ይገባቸዋል። ዓምዱን ጮክ ብለሽ እንደምታነቢላቸው ነግረሽኛል፤ ይህኛውን ማንበብ አለማንበብ ያንቺ ነው። ካነበብሽላቸው እናቴ፣ ከእኔ የከበረ ሰላምታ ይድረስዎት።

ወንድምሽንም አትርሺ። ስለ ሥዕልሽ ካነጋገርሽው ምን ያህል እንደቆየሽ አልጻፍሽም፤ ብዙ የቆየሽ ይመስለኛል። የሐረጎውን ገጽ ስትጨርሺ በኢሞ ላኪለት። ከዚያ የሚኖርበትን ክፍል እንዲነግርሽ ጠይቂው፤ ስንት ሆነው እንደሚተኙ፣ መስኮቱ ወዴት እንደሚያይ፣ ማታ ምን ድምፅ እንደሚሰማ። ደስ ካለው ይነግርሻል፤ አንቺ ትስያለሽ፤ ልክ ካልሆነ ያርምሻል። ማንጋውን አብራችሁ የጀመራችሁት ናችሁ፤ ያንቺንም ታሪክ አብሮሽ ቢሠራው ይገባዋል። ኤሪክ የሚፈልገው ሰው እናቱ መሆኗም ያኔ የምታስቢበት ጉዳይ ነው። እናትሽ እኮ ጎንሽ ናቸው።

ስለ ሕጉ። ለመማር ብለሽ ደብተርሽ ላይ የኤድዋርድን ፊት ብትገለብጪ የሚጠይቅሽ የለም። ኤድዋርድን ቲሸርት ላይ አሳትመሽ መሸጥ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ያ የሰው ሥራ ነው። በአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሚጠብቀው የተሳለውን፣ የተጻፈውን ሥራ ነው፤ ሐሳብን አይደለም። እናቱን የሚፈልግ ልጅ፣ አካሉ የጎደለ ጀግና፣ ዋጋ የሚያስከፍል ጥበብ፣ እነዚህ የማንም አይደሉም። ሁለተኛው ገጽ ላይ ግን የኤሪክ ካባ ጀርባ የኤድዋርድ ካባ ላይ ያለውን የእባብና የመስቀል ምልክት ይዟል፤ እሱን አውጪው። የቀረውን ቴሌግራም ላይ መልቀቅ ትችያለሽ። ስለሽ የጨረስሽው ገጽ ባታስመዘግቢውም ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በሕግ ያንቺ ነው። ከእያንዳንዱ ገጽ ሥር ስምሽን ወይም የብዕር ስምሽንና ቀኑን ጻፊ፤ ዋናዎቹን ደብተሮች ደግሞ ስልክ ላይ አሉ ብለሽ እንዳትጥያቸው።